ነገር ከሥሩ፣ መድኃኒት ከምንጩ

በአምባሰል ምድር፣ ዙሪያዋን በገደል ታጥራ በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋችው ግሸን በዘመናት ጉዞዋ ሁለት ነገሮችን ስትጠብቅ ኖራለች። አንደኛው ልጅ ነው፤ ሁለተኛው እንጨት ነው። ልጁ የንጉሥ ልጅ ነው፤ እንጨቱም ክርስቶስ የተሰቀለበት መስቀል ክፋይ፣ ማለትም ግማደ መስቀሉ ነው።

ስለ ልጆቹ አስቀድመን እናንሣ። ከግራኝ ጦርነት በፊት በነበረው ዘመን የሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት ወንዶች ልጆች በዙፋን ይገባኛል ደም እንዳያፋስሱ ወደዚህ አምባ እየተላኩ በጥበቃ ሥር ይኖሩ ነበር። በ1520ዎቹ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚያ በኩል ሲያልፍ ስለ አምባው ጠባቂዎች ብርታትና ወደዚያ ለመጠጋት በሚደፍር ሰው ላይ ስለሚደርሰው ከባድ ቅጣት ጽፏል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ከመንገሣቸው በፊት፣ ከዚሁ አምባ ላይ ተጠርተው ወርደው ዘውድ እንደ ጫኑ ይነገራል። በ1532 ዓ.ም. ገደማ አምባው በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ወደቀ፤ የመሳፍንቱ ጥበቃም ከግሸን ላይ ቀረ። ኋላ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ይህ ልማድ ወህኒ በተባለ ሌላ አምባ ላይ ቀጠለ። ዛሬ እስር ቤትን “ወህኒ ቤት” የምንለውም ከዚያ ወርሰን ነው።

ግማደ መስቀሉ ደግሞ፣ ትውፊቱ እንደሚለው፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከግብፅ ተነሥቶ፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ግሸን ገብቶ በክብር ተቀምጧል። መስከረም 21 ቀን በየዓመቱ ከአራቱም ማዕዘን የሚጎርፈው ምእመን ወደዚያ የሚወጣው ስለዚሁ ነው። የቅርሱን አመጣጥ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ተላለፈ የሚተርከው “መጽሐፈ ጤፉት” በአምባው ይጠበቃል። ስሙም የወጣለት ጽሑፉ እንደ ጤፍ የደቀቀ ስለሆነ ነው ይባላል። ልብ በሉልኝ፤ የቀደሙት አባቶች ትንሿን ክፋይ ብቻ አስቀምጠው ዝም አላሉም። የመጣችበትን መንገድም አብረው ጽፈው አስቀመጡ። መንገዱ ያልታወቀ ቅርስ ቅርስ አይሆንምና።

እንግዲህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንዲት ሌላ ትንሽ ነገርና ስለ ሌሎች ልጆች ነው። ትንሿ ነገር የዕድገት ሆርሞን ይባላል፤ ልጆቹም ቁመታቸው አልጨምር ያለ ናቸው። ይህን ጉዳይ ከግሸን ጋር ያያያዘብኝ በክብረ በዓሉ ሰሞን ከውጫሌ ወደ አምባው በሚወስደው መንገድ አብረውኝ የተጓዙ አንድ አባት ያነሡት ጥያቄ ነው።

“ልጄ አሥራ አንድ ዓመት ሞላው፤ ታናሽ እኅቱ በቁመት በለጠችው” አሉኝ። “ጠበሉን አላቋረጥንም። አሁን ደግሞ አንድ ነጋዴ ‘ቁመት የሚጨምር መርፌ አለ፣ ከውጭ አስመጣልሃለሁ’ ይለኛል። አንተ ከተሜ ነህ፣ ማንበብም አታጣም። እውነት ነው ወይስ ሊበላኝ ነው?”

“መርፌውስ አለ አባቴ” አልኳቸው። “ግን ለእርስዎ ልጅ ይሁን አይሁን ነጋዴው አያውቅም፤ ሐኪም ሳያየው እኔም እርስዎም አናውቅም።”

መልሴ አጭር ነበር። ከበስተጀርባው ያለው ታሪክ ግን ረጅምና አሳዛኝ ነው፤ ለእኚህ አባትም፣ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለልጁ ለሚጨነቀው ወላጅም የሚጠቅም ይመስለኛል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ ሳነሣ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከሬሳ የተቀዳ መድኃኒት

በአንጎላችን ሥር፣ ከሁለቱ ዓይኖቻችን ኋላ፣ አተር የምታክል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ክብደቷ ከግማሽ ግራም ብዙም አይበልጥም። የሰውነትን ብዙ ሥራ የምታዝዘው ግን እርሷ ናት፤ ከትእዛዞቿም አንዱ “እደግ” የሚለው ነው። በ1921 ኸርበርት ኢቫንስና ጆሴፍ ሎንግ የተባሉ የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ከከብት ፒቱታሪ የወጣ ጭማቂ አይጦችን ሲወጉ አይጦቹ ከልክ በላይ ገዘፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ይህን ኃይል ለልጆች ለማዋል ተመኙ።

ይሁንና ተፈጥሮ አንድ እንቅፋት አስቀምጣ ነበር። የስኳር በሽተኞች ከ1922 ጀምሮ ከበሬና ከአሳማ በተገኘ ኢንሱሊን ይታከሙ ነበር። የከብት የዕድገት ሆርሞን ግን በሰው ላይ አልሠራ አለ። ለሰው የሚሆነው የሰው ወይም የዝንጀሮ ዘር ሆርሞን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ1956 ትውልደ ቻይናዊው ቾ ሃኦ ሊ ከባልደረባው ከፓፕኮፍ ጋር የሰውን የዕድገት ሆርሞን ለይቶ አወጣ። በ1958 ደግሞ ሞሪስ ራቤን የተባለ የቦስተን ሐኪም በሆርሞኑ እጦት ያላደገ የ17 ዓመት ልጅ በመርፌ ታክሞ ቁመቱ መጨመሩን አስታወቀ።

ታዲያ መድኃኒቱ ከየት ይምጣ? ከሰው ብቻ፤ ያውም ከሞተ ሰው። አስከሬን በሚመረመርባቸው ክፍሎች ፒቱታሪ ዕጢዎች እየወጡ ይጠራቀሙ፣ በሺህ የሚቆጠሩት ባንድነት እየተፈጩና እየተጣሩ ዱቄት ይሆኑ ነበር። ለአንድ ልጅ የአንድ ዓመት ሕክምና እንኳ የብዙ ሙታን ዕጢ ያስፈልግ ነበር። በአሜሪካ ከ1963 ጀምሮ ዕጢዎቹን የሚሰበስብና የሚያከፋፍል ብሔራዊ ድርጅት ተቋቋመ። እንግሊዝ በ1959 ጀምራ ነበር፤ ፈረንሳይም በ1973 “ፍራንስ-ኢፖፊዝ” የተባለ ማኅበር መሠረተች። በአሜሪካው ብሔራዊ መርሐ ግብር ብቻ 7,700 ያህል፣ በእንግሊዝ ከ1,800 በላይ ልጆች ታከሙ። ብዙዎቹ አደጉ፤ ወላጆቻቸውም አመሰገኑ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ክፉ ሐሳብ የነበረው ሰው ፈልገን ብንደክም አናገኝም። ሐኪሞቹ የልጆቹን ዕንባ ለማበስ ነበር የሚተጉት። የጎደለው ሌላ ነበር፤ መድኃኒቱ የመጣበት መንገድ አልታወቀም። በአንድ ማሰሮ የተቀላቀለው የሺህ ሰው ዕጢ የማን እንደሆነ፣ ከሺሁም አንዱ በምን ሕመም እንደ ሞተ ማን ሊናገር ይችላል?

መልሱ በ1985 መጣ። በአሜሪካ በልጅነታቸው በዚህ መድኃኒት የታከሙ ወጣቶች አረማመዳቸው እየተንገዳገደ፣ አንደበታቸው እየተሳሰረ፣ አእምሯቸው እየከዳቸው መሞታቸው ታወቀ። በሽታው ክሮይትስፌልድ-ያኮብ ይባላል። አንጎልን እንደ ስፖንጅ የሚበሳሳ፣ ፈውስ ያልተገኘለት ደዌ ነው። ከሚሊዮን ሰው በዓመት አንዱን ያህል፣ ያውም በአብዛኛው በዕድሜ የገፋውን የሚይዝ በሽታ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶችን ሲገድል ሐኪሞቹ ወደ ጋራው ምክንያት ዞሩ። መነሻው ፕሪዮን የሚሉት የተጣመመ ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያም ቫይረስም አይደለም፤ የተለመደው የማምከኛ ዘዴም በቀላሉ አያጠፋውም። ከሙታኑ አንዱ በሽታው ከነበረበት የሱ ዕጢ የገባበት ዱቄት ሁሉ ይበከላል።

አሜሪካ በሚያዝያ 1985 የዚህን ሆርሞን ሥርጭት አቆመች፤ እንግሊዝም ወዲያው ተከተለች። ፈረንሳይ ግን ሆርሞኑን በሌላ ዘዴ ለማጥራት እየሞከረች እስከ 1988 ገፋችበት። ፈረንሳይ ከታከሙት 1,700 ያህል ልጆች ውስጥ ከ100 በላይ የሚሆኑት በዚህ በሽታ አልቀዋል። ጉዳዩ ፓሪስ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተከሳሾቹ በ2009፣ በይግባኝም በ2011 በነፃ ተለቀቁ። ወላጆቹ ግን ልጆቻቸውን ቀብረው ነበር።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ይበልጥ ይከነክነኛል። አሜሪካ ውስጥ በ1977 ሆርሞኑ የሚጣራበት ዘዴ ተሻሽሎ ነበር። ከዚያ ዓመት በኋላ በብሔራዊው መርሐ ግብር ሕክምና ከጀመሩት አሜሪካውያን መካከል በሽታው የተገኘበት የለም። ዕጢውም ያው የሙታን ዕጢ፣ ልጆቹም ያው የተቸገሩ ልጆች ነበሩ። ልዩነቱ ጥራቱ ላይ ነበር። አበው “ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ” ሲሉ ይህን ዓይነቱን ነገር ነው።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። በሽታው ከመርፌው በኋላ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል ታይቷል። በ2024 ደግሞ የለንደን ተመራማሪዎች በልጅነታቸው በዚያው የሙታን ሆርሞን የታከሙ ጥቂት ሰዎች ከአልዛይመር ጋር የሚመሳሰል የመርሳት ሕመም እንደ ያዛቸው፣ ምክንያቱም በሆርሞኑ ውስጥ አብሮ የገባ ሌላ ፕሮቲን ሳይሆን እንደማይቀር አስታወቁ። በአንድ ዘመን የተወጋ መርፌ በሌላ ዘመን ሒሳብ ያወራርዳል ማለት ነው።

ጥሩው ውሃ ሲገኝ

ደግነቱ ሌላ ምንጭ በመቆፈር ላይ ነበር። በ1979 ጄነንቴክ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሳይንቲስቶች የሰውን የዕድገት ሆርሞን የሚያዝዘውን ዘረ-መል ኢ. ኮላይ በተባለች ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ባክቴሪያዋ ሆርሞኑን እንድትሠራ አደረጉ። በጥቅምት 1985፣ አሮጌው መድኃኒት በታገደ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ፕሮትሮፒን የተባለው አዲስ መድኃኒት ተፈቀደ። በ1987 ደግሞ ከሰው ሆርሞን ጋር ፍጹም አንድ የሆነ፣ 191 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሁማትሮፕ ተከተለ። አሁን ዓለም የሚጠቀመው በዚህ መንገድ የሚሠራውን ነው። ሬሳ የለበትም፤ የክሮይትስፌልድ-ያኮብ ፍርሃትም ከእርሱ ጋር አይነሣም።

ምንጩ ሲጠራ ግን ሌላ ፈተና መጣ። ሆርሞኑ ከሙታን ይገኝ በነበረበት ጊዜ እጥረቱ ራሱ እንደ ግሸን ገደል አጥር ሆኖ ነበር፤ በጣም ለተቸገረው ልጅ እንጂ ለሌላው አይዳረስም ነበር። ባክቴሪያ ያለ ልክ ሲያመርተው አጥሩ ፈረሰ። በ1990 አንድ ጥናት ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ 12 ወንዶች ሆርሞኑን ለስድስት ወር ቢወጉ ስባቸው ቀንሶ ጡንቻቸው መጨመሩን ዘገበ። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ እርጅናን ይመልሳልም አላለም። ነጋዴዎች ግን “የወጣትነት መርፌ” ብለው ገበያ አወጡለት። ጄነንቴክ ራሱ መድኃኒቱን ላልተፈቀደለት አገልግሎት በማስተዋወቁ ጥፋተኛነቱን አምኖ በ1999 የ50 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል።

ከዚያ ጡንቻ ፈላጊው መጣ። የዕድገት ሆርሞን በስፖርት ዓለም የተከለከለ ነው፤ የደም ምርመራውም በ2004ቱ የአቴና ኦሊምፒክ ተጀምሯል። በሩጫ ስሟን ባስጠራች አገር ለምንኖር ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጂምናዚየም ገብቶ ከማይታወቅ ሰው ጠርሙስ የሚገዛ ጎረምሳ ሊያውቀው የሚገባው ነገር አለ፤ ሆርሞኑ ለጤነኛ አዋቂ ሰው በገፍ ሲሰጥ የደም ስኳርን ያናጋል፣ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ እጅና እግርን ያሳብጣል፤ ሲቆይም መንጋጋንና መዳፍን ያገዝፋል፣ ልብንም ይጎዳል። የአጥንቱ የዕድገት ጫፍ ለተዘጋ አዋቂ ደግሞ አንዲት ሳንቲሜትር ቁመት አይጨምርም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው።

ቁመት ያጠረ ሁሉ ሆርሞን አላጠረውም

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። አንድ ልጅ ከእኩዮቹ ቢያንስ ምክንያቱ ምንድን ነው? በዓለም ላይ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ግምት እውነተኛ የዕድገት ሆርሞን እጦት ከ4,000 እስከ 10,000 ከሚሆኑ ልጆች አንዱን ያህል ያጠቃል የሚል ነው። በአገራችን ግን በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው የሚገባው ቁመት የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ቁጥሩ 46 በመቶ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 58 በመቶ እንደ ነበር ስናስታውስ መሻሻል መኖሩን እናያለን።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አስቡ። ከመቶ ልጆች ወደ አርባ የሚጠጉት ፒቱታሪያቸው ሰንፎባቸው አይደለም። የእናት ጉስቁልና፣ ከጡት ቀጥሎ የሚመጣው ምግብ መሳሳት፣ የሚደጋገም ተቅማጥና ንጹሕ ውሃ ማጣት ናቸው የቀነጨሯቸው። ወሎ ደግሞ ረሃብ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረው አያሻውም፤ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን እልቂት፣ የ1977ቱንም ያየ ምድር ነው። ከዚህ አካባቢ ብዙም በማይርቀው በሰቆጣ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል የገባበት ሰነድ “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” የተባለው በምክንያት ነው። ለመቀንጨር ዋናው መድኃኒት ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ የሚገባ ምግብና ንጽሕና ነው። ለተራበ ልጅ የዕድገት ሆርሞን መውጋት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እንዲያውም በረሃብ ላይ ያለ ሰውነት ሆርሞኑን አብዝቶ ሲያመነጭ ይገኛል፤ ጉበት ግን ምግብ ስለሌለው ትእዛዙን አይፈጽምም።

ሌላም ምክንያት አለ። የታይሮይድ ዕጢ ሲዳከም ልጅ አያድግም። በደጋው አገራችን እንቅርት ለብዙ ዘመን የቆየው በአፈርና በውሃ ውስጥ አዮዲን ስለሚያንስ ነው። በ2003 ዓ.ም. ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣውም ለዚህ ነው። ታይሮይዱ ለሰነፈ ልጅ የሚሰጠው መድኃኒት በአፍ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን ነው፤ ይህ ሳይመረመር የዕድገት ሆርሞን ቢጀመር ገንዘብም ጊዜም ይባክናል። ከዚህ በተረፈ የኩላሊት ሕመም፣ የአንጀት ሕመም፣ በሴቶች ልጆች ላይ ደግሞ ተርነር የሚባለው የዘረ-መል ጉድለት ቁመትን ያስቀራሉ። ላሮን በሚባለው ሕመም ሆርሞኑ በደም ውስጥ ሞልቶ ሳለ ሰውነት አይሰማውም፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ መርፌው ቢወጋም ቁመቱ አይጨምርም። ብዙ ልጆች ደግሞ ምንም ሕመም የለባቸውም። አባትም እናትም አጭር ናቸው፤ ወይም ልጁ ዘግይቶ የሚፈነዳ ነው፤ አባቱም በአሥራ ስድስት ዓመቱ እንዲሁ ነበር።

ለሚያስፈልገው ልጅ

እንግዲህ መርፌው በእርግጥ የሚያስፈልገው ልጅ አለ። ለእርሱ በረከት ነው፤ መከልከልም በደል ነው። ታዲያ በምን ይታወቃል?

የመጀመሪያው ምርመራ ቤት ውስጥ ይደረጋል፤ ዋጋውም አንድ እርሳስ ነው። ልጁን ያለ ጫማ በግድግዳ አስጠግቶ በየስድስት ወሩ ምልክት ማድረግ። ከአራት ዓመት ጀምሮ እስከ ጉርምስና ጤነኛ ልጅ በዓመት አምስት፣ ስድስት ሳንቲሜትር ያድጋል። ከአራት በታች ከሆነ ሐኪም ይየው። ሐኪሙ የግራ እጁን አጥንት በራጅ አይቶ የአጥንቱን ዕድሜ ይለካል፤ ታይሮይዱን፣ ኩላሊቱን፣ ደሙን ይመረምራል። የዕድገት ሆርሞን አብዛኛውን የሚመነጨው ሌሊት፣ በእንቅልፍ ጊዜ፣ ያውም በየመካከሉ ስለሆነ በአንድ ቀን የደም ናሙና ብቻ “አነሰ” ብሎ መፍረድ አይቻልም። ዕጢዋን በመድኃኒት ቀስቅሶ መለካትን፣ አንዳንዴም አንጎልን በኤም.አር.አይ. ማየትን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህን የሚያደርገው በሆርሞን ሕክምና የሠለጠነ የሕፃናት ሐኪም ነው።

መድኃኒቱ ከታዘዘ በኋላ መጠኑ በልጁ ክብደት ይወሰናል፤ ልጁ ሲያድግ መጠኑም ይለወጣል። የጎረቤት ልጅ መጠን ለእርስዎ ልጅ አይሆንም። መርፌው ከቆዳ ሥር፣ በየሌሊቱ፣ ቦታ እየቀያየሩ፣ ዛሬ ጭን፣ ነገ ሆድ፣ ይወጋል። ከ2021 ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጡ ዓይነቶችም በውጭ አገር ተፈቅደዋል። አንድ የመውጊያ እስክሪብቶ የአንድ ልጅ ብቻ ነው፤ መርፌው ተቀየረ ተብሎ ለወንድም እንኳ አይዋስም። የመድኃኒት መጠን ተረሳ ተብሎ በማግስቱ እጥፍ አይሰጥም።

አብዛኛው ዓይነት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም አይረባም። ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ገጠር የሚጓዝ መድኃኒት በቀዝቃዛ መያዣ፣ በረዶውን ሳይነካ መሄድ ይኖርበታል። ኢንሱሊን የሚወጉ የገጠር ወገኖቻችን በእርጥብ ማሰሮ እያቀዘቀዙ እንደሚቸገሩ እናውቃለን፤ ማሰሮ ሙቀትን ያበርዳል እንጂ ማቀዝቀዣን አይተካም። መብራት የሚጠፋበት ቤት ያለው ወላጅ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ቢነግር መፍትሔ ይፈለጋል።

በሕክምናው ጊዜ ልጁ በየሦስትና በየስድስት ወሩ ይታያል። ወላጅ ደግሞ በቤት ውስጥ እነዚህን ይከታተላል። ብርቱ ራስ ምታት ከማስታወክ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር ቢመጣ በአንጎል ዙሪያ ያለው ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። ልጁ ቢያነክስ፣ ዳሌው ወይም ጉልበቱ ቢያመው፣ የጭኑ አጥንት ጫፍ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል። ጀርባው ቢጣመም፣ ውሃ ጥም ቢያበዛ፣ ሽንት ቢደጋግመው፣ ይህም ዝም አይባልም። በካንሰር ሕመም ላይ ላለ ልጅ መድኃኒቱ አይሰጥም። ፕራደር-ዊሊ በሚባለው ሕመም ከልክ በላይ ወፍረው ትንፋሽ የሚያጥራቸው ልጆች በዚህ ሕክምና ላይ ሳሉ የሞቱበት ጊዜ ስላለ ለእነርሱ ጥንቃቄው የተለየ ነው።

ተስፋውም ልክ ይኑረው። ሆርሞኑ የጎደለው ልጅ ቶሎ ከተጀመረለት ወደ ቤተሰቡ ቁመት ሊደርስ ይችላል። ምንም ጉድለት ሳይገኝበት ያጠረ ልጅ ግን ለዓመታት በየሌሊቱ ተወግቶ የሚያገኘው በአማካይ ከ4 እስከ 7 ሳንቲሜትር ነው። ይህን ያህል መርፌ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ለዚያች ሳንቲሜትር ያሻል ወይ? ቤተሰቡ ከልጁ ጋር ተማክሮ የሚመልሰው ነው። “ቁመት የሚጨምር ክኒን፣ ዱቄት” እያለ በየስልኩ የሚያስተዋውቀውን ግን አትስሙት። ሆርሞኑ ፕሮቲን ነው፤ ከተዋጠ ጨጓራ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል።

የጠበሉን ነገር እንዲያው አላልፈውም። በ1999 ዓ.ም. የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጉዳይ በእንጦጦ ሲያነጋግር ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበልና መድኃኒትን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረዋል። ጠበል የሚያጠምቅ አባት መድኃኒት አያስጥልም፤ መርፌ የሚያዝዝ ሐኪምም ጸሎት አይከለክልም። ሁለቱንም ትቶ ከመንገድ ላይ የሚገዛ ነው የሚጎዳው።

ስለዚህ ማንም ወላጅ ይህን መድኃኒት ሲቀበል ሦስት ነገር ይጠይቅ። ከየት መጣ? በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ ነው? የትኛው ሐኪም፣ በየትኛው ምርመራ ለልጄ አዘዘው? እስከ መቼ፣ በምን ያህል ጊዜ ይከታተለዋል? ለሦስቱም መልስ የሌለው ጠርሙስ ወደ ቤት አይግባ። በሺህ የሚቆጠሩ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ወላጆች የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልስላቸው አላገኙም ነበር፤ እኛ ግን እናገኛለን።

በጠርሙሱ ላይና በካርቶኑ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እንደ መጽሐፈ ጤፉት የደቀቀ ነው። ቢሆንም መነጽር ተደርጎ፣ ያላወቀውም የሚያውቀውን ለምኖ፣ ከመርፌው በፊት ይነበብ። መድኃኒቱ የመጣበት መንገድ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው።